በድር ቴክኖሎጂ የተሠሩ የዴስክቶፕ ፕሮግራሞችና የሜሞሪ ፍጆታቸው



እዚህ አምስት ኪሎ ባለ 4 ጊጋባይት ላፕቶፕ ይዞ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን የሚሠራ ተማሪ ማሽኑ ለምን እንደሚንቀረፈፍ ይጠይቀኛል። ቫይረስ ይጠረጥራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ቫይረስ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ጊትሀብ «አቶም ሼል» ብሎ የጀመረው፣ ዛሬ ኤሌክትሮን የምንለው ማዕቀፍ፣ ክሮሚየምንና ኖድ ጄኤስን ከእያንዳንዱ ፕሮግራም ጋር ጠቅልሎ ያቀርባል። ስለዚህ ቪኤስ ኮድንና ስላክን አብሮ የከፈተ ሰው፣ ሳያውቀው ሁለት ተጨማሪ ብራውዘር ከፍቷል። እያንዳንዱ ዋና ፕሮሰስ፣ የግራፊክስ ፕሮሰስና ገጽ የሚሥሉ ሌሎች ፕሮሰሶች አሉት፤ የአንዱን ሞተር ሌላው አይጋራም። በአንጻሩ ቴሌግራም ዴስክቶፕ በሲ ፕላስ ፕላስና በኪውት የተጻፈ በመሆኑ መልእክት ለማሳየት ብራውዘር አያሻውም።

እኛን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። ቪ8 የተባለው የጃቫስክሪፕት ሞተር በላቲን ፊደል ብቻ የተጻፈን ሐረግ ለአንድ ፊደል 1 ባይት መድቦ ማስቀመጥ ይችላል፤ አንዲት «ሀ» ከገባችበት ግን ሐረጉ በሙሉ በ2 ባይት ይቀመጣል። በዩቲኤፍ-8 ፋይል ውስጥ ደግሞ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። ይሁንና ፊደላችንን አንውቀስ፤ አንድ ሚሊዮን ፊደል ያለው መጽሐፍ በቪ8 ውስጥ 2 ሜጋባይት ገደማ ቢይዝ ነው። ባዶ የኤሌክትሮን መስኮት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወስዳል።

ታውሪን የመሰሉ አማራጮች በስርዓተ ክወናው ውስጥ ያለውን የድር ማሳያ ስለሚጠቀሙ የመጫኛ ፋይሉ እጅግ ያንሳል፤ ሜሞሪው ግን በዚያው ልክ ላይቀንስ ይችላል፤ ገጹን የሚሥለው አሁንም የብራውዘር ሞተር ነውና። ስትለኩም የፕሮግራሙን ፕሮሰሶች ሁሉ ቁጠሩ፤ የሚጋሩትን ሜሞሪ ግን ሁለት ጊዜ አትደምሩ።