የአያት ውጅግራና የዛሬ ባሩድ

በደሴ ዙሪያ ከአያት የወረደ ውጅግራ ወይም አልቢን የተባለ የድሮ ጠመንጃ በክብር የሚያኖር ቤተሰብ ዛሬም አይጠፋም። ጠመንጃው አለ፤ ጥይቱ ግን የለም። ስለዚህ ባዶውን ቀለህ ሞልቶ መተኮስ የሚል ሐሳብ አልፎ አልፎ ይነሣል። ቀለህ መሙላት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሥርዓቱን ጠብቀው በሰላም የሚሠሩት ሰዎችም በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ ሙያውን ከአደጋ የሚጠብቁት ነገሮች እኛ ዘንድ የሉም። እነሱ በሌሉበት የድሮ ጠመንጃ ባለቤት ሊወስደው የሚገባው ጥንቃቄ ቀለሁን ባዶ መተው ነው።

ውጅግራ የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በአንድ ጊዜ አንዲት ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ፈረንሳይ ለበን የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትታጠቅ አሮጌው በነጋዴዎች እጅ ወደ ቀይ ባሕር ወረደ። መሣሪያ የዘመኑ ትልቅ ጉዳይ ስለነበር፣ ከደሴ በስተሰሜን ውጫሌ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ውስጥ እንኳ ለምኒልክ የሚመጣ መሣሪያ በምጽዋ በኩል እንዲያልፍ የሚፈቅድ አንቀጽ ገብቷል። የውጅግራ ጥይትም ከጠገራ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን በየገበያው እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራ ነበር። ባዶው ቀለህም አይጣልም ነበር፤ በአገር ባሩድና በእርሳስ እየተሞላ ደግሞ ይተኮስ ነበር። እንግዲህ ቀለህ መሙላት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። «አባቶቻችን ሞልተው ተኩሰው የለም ወይ?» የሚለው ጥያቄም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ልዩነቱ ያለው በባሩዱ ነው። ውጅግራ የተሠራው ከፖታስየም ናይትሬት፣ ከከሰልና ከድኝ ለሚቀመመው ጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ጭሱ ብዙ፣ ግፊቱ ግን መጠነኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ለበንም በእሱ የሚተኩስ የመጀመሪያው የጦር ጠመንጃ ሆነ። አዲሱ ባሩድ በክብደት ሲመዛዘን ከጥቁሩ እጥፍና ከዚያ በላይ ጉልበት አለው። ዛሬ በቀላሉ የሚገኘው ባሩድ ደግሞ ከዘመናዊ ጥይት የሚወጣው ይኸው ጭስ አልባ ነው። የክላሽንኮቭ ጥይት እስከ 3,550 ባር ግፊት እንዲሰጥ ተፈቅዶለታል። የውጅግራ መቀርቀሪያ ግን ይህን ሁሉ ኃይል የሚመክተው በእጀታው ሥር ባለች አንዲት ጉጥ ብቻ ነው። ብረቱም የዚያ ዘመን ብረት ነው፤ በላዩ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ዝገትና ድካም ተጨምሮበታል። ጉጧ ከተሰበረች መቀርቀሪያው የሚወረወረው ወደ ተኳሹ ፊት ነው።

አንዳንዱ «ታዲያ ባሩዱን በግማሽ ቀንሶ መሙላት ነዋ» ይላል። ብልሃት ይመስላል፤ ግን ሌላ አደጋ ይወልዳል። ጥቁር ባሩድ ቀለሁን ሞልቶ፣ በእርሳሱና በባሩዱ መካከል ባዶ ቦታ ሳይቀር ነው የሚቀመጠው። ትንሽ ጭስ አልባ ባሩድ ግን ከቀለሁ ሥር ትቀራለች፤ በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢጨመር እንኳ ዓይን ላያየው ይችላል። ከመጠን በላይ ያነሰው ደግሞ እርሳሱን በርሜል ውስጥ ሊያስቀር ይችላል፤ ያኔ ቀጥሎ የተተኮሰው በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላል።

ቀለሁም ቢሆን አይታመንም። የእንግሊዝ ጦር በሕንድ ጥይቱን በክረምት በፈረስ ጋጣ ሲያከማች የቀለሁ ናስ ያለ ምንም ምት ይሰነጠቅ ነበር። ምክንያቱ ከፈረሶቹ ሽንት የሚወጣው አሞንያ መሆኑ በጥናት ታትሞ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ከከብት በረት አጠገብ ዘመናት ያሳለፈ የገጠር ቀለህም ከዚህ ዕጣ ላያመልጥ ይችላል፤ ስንጥቁ ደግሞ ከውስጥ ሊሆን ስለሚችል በዓይን አይለይም። ኮምቦልቻ ውስጥ ጎበዝ የቶርኖ ባለሙያ አዲስ ቀለህ ሊቀርጽ ይችል ይሆናል። የቶርኖ ሙያ ግን ልክን እንጂ ግፊትን አይለካም።

«ፈረንጆች ይሠሩት የለም ወይ?» ለሚለውም መልስ አለ። አዎ፣ ይሠሩታል። ነገር ግን መጀመሪያ ጠመንጃው በባለሙያ ይመረመራል፤ የአፈሙዙና የጥይት ማደሪያው ልክ ይወሰዳል፤ ባሩዱ በታተመ ሠንጠረዥ መሠረት አንድ በአንድ ይመዘናል። እ.ኤ.አ. ከ1672 ጀምሮ የሚሠራው የቤልጅጓ ሊዬዥ የመሣሪያ መፈተሻ ቤት ለጭስ አልባ ባሩድ የተፈተነውን ጠመንጃ በልዩ ምልክት ለይቶ ያትምበታል። ምልክቱ የሌለውን በአዲስ ባሩድ የሚሞክር ጠንቃቃ ሰው አይገኝም። አባቶቻችንም ቢሆኑ ጥቁር ባሩድን በዘመኑ ጠንካራ በነበረ ጠመንጃ ነው የተኮሱት። ዛሬ በእጃችን ያለው የደከመ ብረት፣ ያረጀ ናስና መጠኑ የማይታወቅ ባሩድ ነው።

የማይተኮስ ጠመንጃ ምን ክብር አለው የሚል ካለ፣ የውጅግራ ክብር በታሪኩ እንጂ በድምፁ አይደለም። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ከተዘረፈ ወዲህ በቤተሰብ እጅ የተረፈው ቅርስ ዋጋው ጨምሯል። አንድ ጊዜ የፈነዳ ጠመንጃ ተመልሶ ቅርስ አይሆንም። ከዚህ ሁሉ በላይ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያና ጥይት በሕግ ሥር እንዲያዙ ያዛል። ስለዚህ የአያትዎ ጠመንጃ በእጅዎ ካለ ሕጋዊነቱን ያረጋግጡ፤ በላዩ የታተሙትን ምልክቶች ይመዝግቡ፤ ማን የት እንደተዋጋበት ሽማግሌዎች ሳያልፉ ጽፈው ያስቀምጡ። አሮጌ ጥይት ካገኙ ፈትተው ባሩዱን ለማውጣት አይሞክሩ፤ ለፖሊስ ያሳውቁ። ቀለሁንም ባዶውን ይተዉት።