ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ ተረከዛችሁን ሚስማር የወጋችሁ ያህል ያማችኋል? ማስታገሻ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ተረከዝ ህመም ናቸው። "ዶክተር፣ ጠዋት ስነሳ መሬት መርገጥ አልችልም፤ ትንሽ ስራመድ ይለቀኛል፤ ቁጭ ብዬ ስነሳ ደግሞ ይመለሳል። ሪህ ይሆን?" የሚል ነው አብዛኛው። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንዴ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው ብያለሁ። መጀመሪያ ግን እኔ ራሴ የተሳሳትኩበትን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩባቸው የመጀመሪያ ወራት ነው። ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ደጁ ላይ ወረፋው ረጅም ነው። ሃምሳ ዓመት የሚጠጋቸው እናት ገቡ። እንጀራ ጋግረው ለሱቅና ለሆቴል የሚያስረክቡ ናቸው። "ልጄ፣ ይሄ ተረከዜ መቆሚያ አሳጣኝ" አሉኝ። ጫማቸውን እንኳ አላስወለቅኳቸውም። የዩሪክ አሲድ ምርመራ አዘዝኩ። ውጤቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲመጣ "ሪህ ሊሆን ይችላል፣ ሥጋ ይቀንሱ" አልኳቸውና ዲክሎፌናክ ለ10 ቀን ጻፍኩላቸው። በቃ፣ ቀጣይ ታካሚ።

ከአራት ወር በኋላ፣ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት፣ እኚሁ እናት በልጃቸው ተደግፈው መጡ። ፊታቸው ገርጥቷል፣ ቆመው መሄድ ያዞራቸዋል፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሦስት ቀን ሆኖታል። ሄሞግሎቢናቸው 6 ነበር። ጨጓራቸው እየደማ ነው። "ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?" ብዬ ስጠይቅ ልጃቸው ከቦርሳዋ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የኔ የእጅ ጽሑፍ ነው።

መድኃኒቱ ሲያስታግሳቸው ጊዜ ያንኑ ወረቀት እያሳዩ አራት ወር ሙሉ እየገዙ ወስደውታል። "10 ቀን" ብዬ ጽፌያለሁ፣ ለምን ከ10 ቀን እንደማያልፍ ግን አልነገርኳቸውም።

ደም ተሰጣቸው፣ የጨጓራ ቁስለታቸው ታከመ፣ ተሻላቸው። ተረከዛቸው ግን ያው ነው። ከሆስፒታል ሊወጡ ሲሉ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ "ልጄ፣ እንግዲህ ሥራዬን ልተው?" ቤታቸው የሚተዳደረው በዚያች ምጣድ ነው። ያን ቀን ጫማቸውን አስወልቄ እግራቸውን በደንብ አየሁ። በዚያው ሰሞንም ስለዚህ ህመም እንደ አዲስ ቁጭ ብዬ አነበብኩ።

ለመሆኑ ምንድን ነው?

ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ ወፍራም ጅማት መሰል ሽፋን አለ። ፕላንታር ፋሺያ ይባላል። የእግራችንን ቅስት ወጥሮ የሚይዘው እሱ ነው፤ በተራመድን ቁጥር ይለጠጣል። ከአቅሙ በላይ ሲለጠጥ፣ በተለይ ተረከዙ ላይ በሚጣበቅበት ቦታ፣ ጥቃቅን መሰነጣጠቅና መጎዳት ይደርስበታል። ህመሙ ፕላንታር ፋሺያይቲስ የሚባለው ይሄ ነው። ከአስር ሰዎች አንዱን ያህል በሕይወት ዘመኑ የሚያጋጥመው፣ በጣም የተለመደ ችግር ነው።

ጠዋት የሚብሰው ለምንድን ነው? ስንተኛ እግራችን ወደ ታች ዘንበል ስለሚል ሽፋኑ ሌሊቱን ሙሉ አጥሮ ያድራል። ከአልጋ ወርደን የመጀመሪያውን እርምጃ ስንረግጥ በአንዴ ይለጠጣል። ሚስማር የሚመስለው ህመም ያ ነው። ከጥቂት እርምጃ በኋላ ይላላና ቀለል ይላል። ቀኑን ሙሉ ስንቆም ደግሞ ወደ ማታ ይመለሳል።

ማንን ያጠቃል?

- ብዙ ሰዓት ቆመው የሚሠሩ፦ መምህራን፣ አስተናጋጆች፣ ጥበቃዎች፣ ነርሶች፣ ፀጉር ሠሪዎች፣ እንጀራ ጋጋሪዎች
- ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 60 የሆኑ (ከዚያ በታችም ይከሰታል)
- ክብደታቸው የጨመረ
- ባታቸው የጠነከረ፣ ወይም ውስጥ እግራቸው በጣም ጠፍጣፋ ወይም በጣም ቅስት የሆነ
- ስስ ሶል ያለው ጫማ የሚያደርጉ፣ ወይም ሴራሚክና ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር የሚውሉ
- ድንገት ሩጫ የጀመሩ፦ ታላቁ ሩጫ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አስፋልት ላይ መሮጥ የምትጀምሩ፣ እናንተን ነው

ሦስት የተሳሳቱ ግምቶች

"ሪህ ነው"፦ ሪህ አብዛኛውን ጊዜ በድንገት ይነሳል፤ መገጣጠሚያን፣ በተለይ የእግር አውራ ጣትን ሥር፣ ያቀላል፣ ያብጣል፣ ያተኩሳል። ዩሪክ አሲድ ከፍ ማለቱ ብቻውን ሪህ አያሰኝም። ከፍ ብሎባቸው ሪህ የሌለባቸው ብዙ ሰዎች አሉ። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

"ራጅ ላይ አጥንት በቅሏል ተባልኩ"፦ ተረከዝ ላይ ትንሽ የአጥንት ሹል መታየቱ የተለመደ ነው፤ ምንም የማያማቸው ሰዎችም ላይ ይገኛል። ለዚያች ሹል ብላችሁ ኦፕራሲዮን ፍለጋ አትሩጡ። ብዙ ጊዜ ይህን ህመም ለማወቅ ራጅ ራሱ አያስፈልግም።

"ብርድ ነው"፦ ብርድ አይደለም። እግርን በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ ለጊዜው ደስ ይላል፣ ችግሩን ግን አይፈታም። የስኳር ህመም ያለባችሁ ደግሞ ሙቅ ውሃ ውስጥ እግራችሁን አትንከሩ። የእግራችሁ ስሜት ከቀነሰ ሳይታወቃችሁ ሊያቃጥላችሁ ይችላል።

እቤት ምን ላድርግ?

የምሥራቹ፣ አብዛኛው ሰው ያለ መርፌና ያለ ኦፕራሲዮን ይድናል። መጥፎው ዜና ጊዜ ይፈልጋል። ሳምንታት ሳይሆን ወራት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ዓመት። የሚከተሉትን በየቀኑ ሥሩ።

1. ከአልጋ ሳትወርዱ፦ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። የሚያመውን እግር ሌላኛው ጉልበት ላይ አድርጉ። ጣቶቻችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ቅልጥማችሁ አቅጣጫ ሳቡ፤ ውስጥ እግራችሁ ሲወጠር ይታወቃችኋል። 10 ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ፣ 10 ጊዜ ድገሙ። በቀን ሦስት ጊዜ ሥሩት፤ የመጀመሪያው ግን መሬት ከመርገጣችሁ በፊት ይሁን። ማጎንበስ የሚከብዳችሁ ነጠላ ወይም ፎጣ በእግራችሁ ፊት በኩል አዙራችሁ በሁለት እጃችሁ ሳቡ።

2. ባትን ማሳሳብ፦ ግድግዳ ተደግፋችሁ የሚያመውን እግር ወደ ኋላ አድርጉ። ጉልበቱ አይታጠፍ፣ ተረከዙ ከመሬት አይነሳ። ወደ ፊት ዘንበል በሉና 30 ሰከንድ ቆዩ። ሦስት ጊዜ ድገሙ።

3. ማጠናከሪያ፦ ህመሙ ትንሽ ሲቀንስ ደረጃ ላይ ቁሙ። ጣቶቻችሁ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጉ። ሦስት ሰከንድ እየቆጠራችሁ በዝግታ ተረከዛችሁን አንሱ፣ ሁለት ሰከንድ ቆዩ፣ በሦስት ሰከንድ ውረዱ። እስከ 12 ጊዜ፣ በየሁለት ቀኑ። መደገፊያ ይኑራችሁ።

4. በረዶ፦ ሃይላንድ ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ማታ ካልሲ አድርጋችሁ በውስጥ እግራችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አንከባልሉት። (የስኳር ታካሚዎች ይህንንም ሐኪም ሳታማክሩ አታድርጉ።)

5. ጫማ፦ በጣም ጠፍጣፋና ያለቀ ጫማ ተዉ። እቤትም በባዶ እግር ወይም በስስ ነጠላ ጫማ አትዋሉ፤ ወፈር ያለ ሶል ያለው የቤት ጫማ ይኑራችሁ። ጫማ ውስጥ የሚገባ ለስላሳ የተረከዝ ድጋፍ ይረዳል፤ ውድ፣ በልክ የተሠራ መሆን የለበትም።

6. መቆምን መከፋፈል፦ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ በባዶ እግር ረጅም ሰዓት የምትቆሙ ወፍራም ካልሲ አድርጉ፣ ምንጣፍ ያለበት ቦታ ምረጡ፣ ሲያማችሁ አረፍ በሉ። ፈጣሪ ህመማችሁን ያውቃል።

7. ክብደት፦ ትንሽም ቢሆን ስትቀንሱ ተረከዛችሁ ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል።

ስለ ማስታገሻና ስለ መርፌ

እንደ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉ መድኃኒቶች ህመሙን ለጥቂት ቀናት ያስታግሳሉ፣ የተጎዳውን ሽፋን ግን አይጠግኑም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ደም ግፊት ይጨምራሉ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፦ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትንኳቸው። የድሮ የመድኃኒት ወረቀት እያሳያችሁ ደጋግማችሁ አትግዙ። እየወሰዳችሁ ሰገራችሁ ከጠቆረ ወይም ደም ካስታወካችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ተረከዝ ላይ የሚወጋው የስቴሮይድ መርፌም አለ። ለተወሰኑ ሳምንታት ጥሩ እፎይታ ይሰጣል። ሲደጋገም ግን ሽፋኑ እንዲበጠስ፣ ተረከዝን የሚያለሰልሰው ስብም እንዲሳሳ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ከወራት ጥረት በኋላ ካልተሻላችሁ ፊዚዮቴራፒ፣ ማታ የሚታሰር የእግር ድጋፍና ሾክ ዌቭ የሚባለው ሕክምና አሉ። ኦፕራሲዮን የመጨረሻው፣ ለጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያስፈልግ ነው።

መቼ ሐኪም ጋ ልሂድ?

- ከወደቃችሁ ወይም ከዘለላችሁ በኋላ የጀመረና መርገጥ የከለከላችሁ ከሆነ
- ተረከዙ ካበጠ፣ ከቀላ፣ ካተኮሰ ወይም ትኩሳት ካላችሁ
- መደንዘዝ ወይም ማቃጠል ካለው
- ተኝታችሁ እረፍት ላይ እያላችሁም ከጠዘጠዛችሁ
- ወጣት ሆናችሁ ሁለቱም ተረከዝ ካመማችሁና ጠዋት ጠዋት ወገባችሁ ከደረቀ
- የስኳር ህመም ካለባችሁ
- ከስድስት ሳምንት ጥረት በኋላ ምንም ለውጥ ከሌለ

እኚያ እናት የት ደረሱ?

ሥራቸውን አልተዉም። ምጣዱ ፊት ወፍራም ምንጣፍ አነጠፉ፣ ስስ ነጠላ ጫማቸውን በስፖርት ጫማ ቀየሩ፣ ሊጥ የሚያዘጋጁትን ተቀምጠው አደረጉት። ጠዋት ጠዋት አልጋቸው ላይ ሆነው እግራቸውን በነጠላቸው ይስባሉ። የመጀመሪያው ወር ምንም አልተለወጠም፤ "ልጄ፣ ይሄ ነገር ይሠራል ብለህ ነው?" ይሉኝ ነበር። በሦስተኛው ወር ቀነሰ። በስድስተኛው ወር ለክትትል ሲመጡ ደረጃውን ሳይደገፉ ወጥተው፣ "አሁንስ ጠዋት መሬቱን አልፈራውም" አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ተረከዝ ያመመው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ጫማውን አስወልቃለሁ። ማስታገሻ ስጽፍም መቼ እንደሚቆምና ለምን እንደሚቆም እናገራለሁ። እናንተም ሐኪማችሁ ካልነገራችሁ "ይሄን መድኃኒት እስከ መቼ ነው የምወስደው?" ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

ቆሞ የሚሠራ ሰው በቤታችሁ ካለ ይህን ጽሑፍ አጋሩት። ማንበብ ለማይችሉ እናትና አባት ደግሞ እንቅስቃሴውን አብራችሁ እየሠራችሁ አሳዩአቸው። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።