የአይሮፕላን ነጂ ልብስ

በመጀመሪያው ዘመን የአይሮፕላን ነጂ የሚቀመጥበት ስፍራ አብዛኛውን ጊዜ ክዳን አልነበረውም። ስለዚህ ነጂው ብርድና ነፋስ እንዳይጎዳው የቆዳ ካፖርት ይለብስ፤ ዓይኑንም በመነጽር ይከልል ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው በሰማይ መሄድን ይፈራ ነበር።

በኋላ ግን፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት፥ ፓን አሜሪካን የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በውኃ ላይ የሚያርፉ ትልልቅ አይሮፕላኖች ነበሩት። ነጂዎቹንም እንደ ባሕር ኃይል መኰንኖች አለበሳቸው፤ ዋናው ነጂም እንደ መርከብ አዛዥ ካፒቴን ተባለ። ይህም መንገደኛው ልብሱን አይቶ ልቡ እንዲያርፍ ነው።

ዛሬም በብዙ አየር መንገዶች ካፒቴኑ በእጅጌው ላይ 4፥ ረዳቱም 3 የወርቅ ጥብጣብ ያደርጋል። ሸሚዙ ንጹሕ፥ ከረባቱ የተስተካከለ፥ ጫማው የተወለወለ እንዲሆን ይታዘዛል።

ነገር ግን ልብስ አይሮፕላን አይነዳም። መንገደኛው ጥብጣቡን ያያል እንጂ ነጂው ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ አያይም። በአሜሪካ ሕግ ነጂ መጠጥ ከጠጣ 8 ሰዓት ሳይሞላው አይሮፕላን መንዳት ክልክል ነው፤ 8 ሰዓት ቢያልፍም ስካሩ ካልለቀቀው አይፈቀድለትም። ይህን ሕግ ብቻውን ሳለ የሚጠብቅ ነጂ ልብሱ እውነት ይናገርለታል። ሕጉን የሚያፈርስ ግን፥ ልብሱ ቢያምርም፥ ነፍሳቸውን በእጁ የሰጡትን ሰዎች ያታልላል። ንጹሕ ልብስ ለመንገደኛው የተሰጠ ቃል ነው፤ ቃሉም የሚፈጸመው ማንም በማያይበት ስፍራ ነው።