ልጅነት በዘረ መል ምርመራ ሲመዘን

በውጭ ሀገር የሚኖሩ ብዙ ምእመናን ልጆቻቸውን ወደሚኖሩበት ሀገር ለመውሰድ ካመለከቱ በኋላ ከኤምባሲ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ደብዳቤው ያቀረቡት የልደት ማስረጃ በቂ ሆኖ እንዳልተገኘ ገልጾ ዝምድናውን በዘረ መል (ዲኤንኤ) ምርመራ ማረጋገጥ እንደሚችሉ ያመለክታል። አብዛኛው ሰው ይህን እንደ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ቆጥሮ ይፈርማል። ምርመራው ግን ከሌላው ወረቀት ሁሉ ይለያል፤ የቤትን ምሥጢር ይገልጣልና። በዚህ ጽሑፍ ምርመራው ምን እንደሚያሳይ፣ ምንስ እንደማያሳይ፣ ክርስቲያን ቤተሰብም ከመፈረሙ በፊት ሊያስብባቸው የሚገቡትን ነገሮች እንመለከታለን።

ደብዳቤው የሚመጣበት ምክንያት አለው። በሀገራችን የልደት ምዝገባ በሕግ ተደንግጎ በመላ ሀገሪቱ መካሄድ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው በአብዛኛው ያለው ማስረጃ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ ወይም ካደገ በኋላ የወጣ የልደት ሰርተፍኬት ነው። ኤምባሲዎችም ዘግይቶ የወጣን ሰነድ በጥርጣሬ ያዩታል። ምርመራው ራሱ ሕመም የለውም፤ ናሙናው ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ ይወሰዳል። በአሜሪካ አሠራር ወጪውን የሚሸፍነው አመልካቹ ሲሆን ውጤቱ ከላቦራቶሪው በቀጥታ ወደ ኤምባሲው ይላካል። በወላጅና በልጅ መካከል ሲደረግ 99.5 በመቶና ከዚያ በላይ እርግጠኛነት ይጠየቅበታል። በወንድማማቾች ወይም በአያትና በልጅ ልጅ መካከል ሲሆን ግን እርግጠኛነቱ ይቀንሳል።

ይህ ጥበብ በስደት ጉዳይ ላይ መጀመሪያ የዋለው ለተገፋ ሰው ጥብቅና ለመቆም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 በእንግሊዝ ተወልዶ ወደ ጋና የሄደ አንድ ልጅ ወደ እናቱ ሲመለስ የመንግሥት ሹማምንት «ልጇ አይደለም» ብለው ተጠራጠሩት። በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት አሌክ ጄፍሪስ የእናቲቱን፣ የልጁንና የሌሎቹን ልጆቿን ደም መርምረው ልጅነቱን አረጋገጡ፤ ልጁም ከእናቱ ጋር ኖረ። ከ23 ዓመት በኋላ ግን ያው ምርመራ ሌላ መልክ ይዞ መጣ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 ቤተሰባቸውን ለመቀላቀል ያመለከቱ ስደተኞችን በመጀመሪያ በናይሮቢ፣ ቀጥሎም በኢትዮጵያና በሌሎች የአፍሪካ ሀገራት ለሙከራ አስመረመረ። እንዳመለከቱት ዝምድናቸው ሁሉ የተረጋገጠላቸው ቤተሰቦች ከ20 በመቶ በታች ሆኑ። በቀሩት ቤተሰቦች ቢያንስ አንድ ዝምድና ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል፤ ወይም ሰዎቹ ለመመርመር ፈቃደኛ አልሆኑም። መርሐ ግብሩም ተቋርጦ እስከ 2012 ቆየ፤ ሲከፈትም የወላጅና የልጅ ምርመራ ግዴታ ሆነ።

ይህን ቁጥር የሰሙ ብዙዎች ስደተኛውን በጅምላ ሐሰተኛ አሉት። ሐሰት አልነበረም አንልም፤ የሰው ልጅ በገንዘብ በራሱ ስም ያስመዘገበ እንደነበረ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ያታለለውም፣ ፈርቶ የቀረውም፣ የሞተች እኅቱን ልጅ ከጨቅላነቱ ጀምሮ ያሳደገውም በአንድ ቁጥር ተጠቃልለዋል። በእኛ ዘንድ «ልጅ» የሚለው ቃል ሰፊ ነው፤ የአብራክ ልጅ፣ የማደጎ ልጅ፣ የጡት ልጅ፣ የእንጀራ ልጅ፣ የክርስትና ልጅ እንላለን። ቤተ ክርስቲያንም የክርስትና ዝምድናን ጋብቻ እስከ መከልከል ድረስ ታከብረዋለች። የኤምባሲው ቅጽ ግን «ልጅ» ሲል ከዚህ ሁሉ የሚቀበለው ጥቂቱን ነው፤ ምርመራውም የሚያየው የአብራኩን ብቻ ነው።

ታዲያ እኅቷ ስትሞት ሕፃኑን ተቀብላ ያሳደገች ሴት በቅጹ ላይ «የወለድሁት ልጄ ነው» ብላ ብትጽፍ ዋሸች ይባላል? በቅዱስ መጽሐፍ አረጋዊው ዮሴፍ በማቴዎስ ወንጌል የያዕቆብ ልጅ (1፥16)፣ በሉቃስ ወንጌል ደግሞ የኤሊ ልጅ (3፥23) ተብሏል። መተርጉማን እንደሚያስተምሩት ኤሊ ልጅ ሳይወልድ ሞተ፤ ያዕቆብም በኦሪቱ ሥርዓት (ዘዳ 25፥5-6) ሚስቱን አግብቶ ዮሴፍን ወለደ። ስለዚህ ዮሴፍ በሥጋ የያዕቆብ፣ በሕግ የኤሊ ልጅ ነው። ዮሴፍን ዛሬ ብንመረምረው ኤሊ ከመዝገቡ ይፋቅ ነበር፤ ወንጌላዊው ግን አልፋቀውም። በሕግና በፍቅር የሆነ ልጅነት እውነተኛ ልጅነት ነው። ሆኖም በመጽሐፍ ያልተወለደው ተወለደ አልተባለም። መርዶክዮስ አስቴርን እንደ ልጁ አሳደጋት፤ መጽሐፉም የአጎቱ ልጅ መሆኗን ሳይሸሽግ ይነግረናል (አስ 2፥7)። እንግዲህ ያች ሴት እናት መሆኗ እውነት ነው፤ «ወለድሁት» ማለቷ ግን ሐሰት ነው።

ብዙዎች የሚዋሹት እውነቱ የሚያስከለክላቸው እየመሰላቸው ነው። የአሜሪካ ሕግ ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው የተፈጸመ ጋብቻ ካለ የእንጀራ ልጅን እንደ ልጅ ይቀበላል። ከ16 ዓመቱ በፊት በሕግ በማደጎ የተወሰደና ከአሳዳጊው ጋር ሁለት ዓመት የኖረ ልጅንም በአብዛኛው ይቀበላል። ሐሰተኛ ቃል ግን ከተደረሰበት አመልካቹን ለዘለቄታው ሊያስከለክል ይችላል። እርግጥ ነው፣ በፍርድ ቤት ማደጎነቱ ያልጸደቀለት የእኅት ልጅ እውነቱ ቢነገርም ሊቀር ይችላል፤ ይህ ከባድ ኀዘን ነው፤ በቀላሉ የምናልፈውም አይደለም። ለዚህ ነው የማደጎው ጉዳይ ማመልከቻው ሳይታሰብ ገና ልጁ ሕፃን ሳለ በፍርድ ቤት ማለቅ የሚገባው።

ከሁሉ የሚከብደው ማንም ያልጠበቀው ውጤት ነው። አንድ አባት ሦስት ልጆቹን ለመውሰድ አመልክቶ ሁለቱ ልጆቹ መሆናቸው ሲረጋገጥ ሦስተኛው ከአብራኩ እንዳልሆነ ቢነገረው ምን ያደርጋል? በቁጣ ያን ልጅ ከማመልከቻው አስወጥቶ ከወንድሞቹ ለይቶ አዲስ አበባ ሊተወው ይችላል። የሀገራችን የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው እንደሆነ ይቆጥራል። ልጁም በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ ያሳቀፈው፣ ትምህርት ቤት የወሰደው፣ ስሙን የሰጠው ይህ ሰው ነው። በትዳሩ ላይ በደል ቢፈጸም እንኳ በደለኛው ልጁ አይደለም። የአባትየው ቁስል እውነተኛ መሆኑን አንክድም፤ ቁስሉ የሚታከመው ግን በልጁ ላይ በሚወርድ ፍርድ አይደለም።

ስለዚህ ምክሩ ከምርመራው መቅደም አለበት። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ጉዳይ ከፍተኛ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ምርመራው ሌላ ማስረጃ ሲታጣ የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን፣ በፈቃድና በምክር እንዲደረግ አሳስቧል። በልቧ የምታውቀው ነገር ያላት እናት የኤምባሲ ደብዳቤ ቤቷን እስኪነግርባት ከመጠበቅ አስቀድማ ወደ ንስሐ አባቷ ብትሄድ ይሻላል። ካህኑ ምሥጢሩን ለማንም፣ ለባሏም ቢሆን፣ አያወጣም፤ ለባሏ መቼና እንዴት እንደምትነግረው ግን አብሯት ያስባል። ነገሩን የሚረዳ ዕድሜ ላይ የደረሰ ልጅ ካለም ለምን ናሙና እንደሚሰጥ በልኩ ሊነገረው ይገባል።

አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ወረቀት የሚወጣው ከእነርሱ ጽሕፈት ቤት ነውና። የክርስትና ምስክር ወረቀት ለመጻፍ የተቀመጠ አገልጋይ «ስሙን ብቻ አስተካክሉልኝ» የሚል ምእመን ሲገጥመው ማዘኑ አይቀርም፤ አንዳንዴም ርኅራኄ መስሎት ይጽፍለታል። ያ ወረቀት ከዓመታት በኋላ ከምርመራው ውጤት ጋር ሲጋጭ ሐሰተኛ የሚባለው አመልካቹ ብቻ ሳይሆን ማኅተሙም ነው። ከዚያ በኋላ እውነተኛ ወረቀት ይዞ የሚመጣው ድኻ ምእመን አይታመንም፤ እርሱም ምርመራውን ለማስደረግ ገንዘብ ይበደራል። አሳዳጊዋ አክስት ከሆነች በመዝገቡም በምስክር ወረቀቱም ላይ የወላጆቹ ስም በቦታው፣ የእርሷም ስም «አሳዳጊ» ተብሎ ይጻፍ።