የሣድስ ፊደላት ድምፅና የንባብ ትምህርት አጀማመር

የፊደል ገበታን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ የሚወርድ ሕፃን ሁሉ ማንበብ ያውቃል ማለት አይደለም። መምህሩ ከገበታው መካከል አንዱን ፊደል ለብቻው ቢጠቁመው፣ ብዙ ጊዜ ከረድፉ መነሻ ጀምሮ ሳይቈጥር ሊለየው አይችልም። ዜማውን አጥንቷል እንጂ የፊደሉን መልክ ከድምፁ ጋር አላዛመደምና።

33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቅርጽ ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ይሁን እንጂ እያንዳንዱን በተናጠል ማስጠናት አያስፈልግም። «ሉ»፣ «ቡ»፣ «ሱ»፣ «ኩ» ጎን ለጎን ቢጻፉ፣ ሕፃኑ በቀኝ ጎናቸው ያለውን ጭረት ከካዕብ ድምፅ ጋር ራሱ ያዛምዳል፤ «ሩ» እና «ፉ» ግን ከዚህ ሥርዓት ስለሚለዩ ለብቻቸው ይሰጣሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ሣድስ ነው። ቅርጹ ወጥ ምልክት የለውም፤ ድምፁም ሁለት ዓይነት ነው። «ልብ» በሚለው ቃል «ል» አናባቢ ሲኖረው «ብ» የለውም፤ «ብል» ሲባል ግን ነገሩ ይገለበጣል። ይህንን ልዩነት የሚያሳየው ቃል እንጂ ገበታው አይደለም።

ስለዚህ መምህሩ ገበታው እስኪያልቅ ሳይጠብቅ፣ ጥቂት ፊደላት እንደ ተለዩ አጫጭር ቃላትን ማስነበብ ይገባዋል። ፕላን አውጪዎችም የመማሪያ መጽሐፉን ቅደም ተከተል በዚሁ መሠረት ቢወስኑ፣ ፊደል ቈጥሮ ሳለ ሳያነብ ወደ ሁለተኛ ክፍል የሚያልፈውን ሕፃን ለመታደግ ይረዳል።