«ባለድርሻ» ማን ነው?

የፕሮጀክት ሥራ አመራር ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ የታወቀው በሃያኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. በዱፖንት ኩባንያ «የወሳኝ መንገድ» ስሌት፣ በ1958 ደግሞ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የፖላሪስ ሚሳይል ሥራ «ፐርት» የተሰኘው ዘዴ ተፈለሰፈ፤ በ1969 የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የዚያ ዘመን ጥናት ትኩረቱ በጊዜና በወጪ ስሌት ላይ ስለ ነበረ ተርጓሚን እምብዛም አያስቸግርም፤ ቃሉ ቢደናገር እንኳ ቀመሩ ፍቺውን ያሳያል። ችግሩ የመጣው ጥናቱ ከሠንጠረዥ ወደ ሰው ባዘነበለ ጊዜ ነው። ከ2004 እስከ 2006 በብሪታንያ የተካሄደው የምሁራን ጥናት፣ ሙያው በተግባር ምን እንደሚመስልና ሰዎች በውስጡ እንዴት እንደሚገናኙ መመርመር እንደሚገባ አሳስቧል።

ከዚህ ላይ «ስቴክሆልደር» የተባለው ቃል ይገጥመናል። ፍሪማን በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ የሰጡት ብያኔ በሁለት አቅጣጫ የሚሄድ ነው፤ የድርጅቱን ዓላማ የሚነካም፣ በእርሱ የሚነካም ሁሉ ይገባበታል። የኢንስቲትዩቱ መመሪያ ደግሞ ሦስተኛ ወገን ጨምሯል፤ ይነካኛል ብሎ የሚያምን ሰው።

በአማርኛ የተለመደው አቻ «ባለድርሻ» ነው። «ድርሻ» ከ«ደረሰ» የወጣ ስም ነው። ግሡ በጎውንም ክፉውንም ይሸከማል፤ ርስት ለሰው «ይደርሰዋል»፣ ጉዳት ግን «ይደርስበታል»። ስሙ የወረሰው የመጀመሪያውን ወገን ብቻ ነው። የጉዳት «ድርሻ» አለኝ የሚል ሰው፣ ቀልደኛ ካልሆነ በቀር፣ አይገኝም። በእርግጥ «የድርሻውን ተወጣ» ስንል ቃሉ ግዴታንም ያመለክታል፤ ስለዚህ «ባለድርሻ» ተጠቃሚውንና ሥራው ላይ እጁ ያለበትን ሰው በሚገባ ይይዛል። ተጐጂው ግን ከደጅ ይቀራል።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። አንድ የጥናት መጠይቅ ተተርጕሞ፣ አዲስ መንገድ ማሳውን የሚቈርጥበት ገበሬ «በዚህ ሥራ ባለድርሻ ነዎት ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ «ምን ድርሻ አለኝ?» ብሎ ቢመልስ አማርኛው ትክክል ነው። መዝጋቢው ግን «አይደለም» ብሎ ይጽፋል፤ ጥናቱም በዋነኛነት የሚፈልገውን ሰው ያጣል።

ሌሎች አማራጮችም አሉ። «ባለጉዳይ» ተጐጂውንም፣ ይነካኛል ባዩንም ያቅፋል፤ ነገር ግን በቢሮ ቋንቋ ደጅ ጠኚ ማለት ስለ ሆነ ሚኒስቴሩን ወይም አበዳሪውን ባንክ በዚህ ስም ለመጥራት የሚደፍር አይኖርም። «የሚመለከተው» በቁሙ ሲታይ ሁሉንም ወገን ያካትታል። ሆኖም «የሚመለከተው አካል» ሲባል ልማድ ሥልጣን ወዳለው ይወስደዋል፤ ሐረግም በመሆኑ ለስያሜነት ይረዝማል።

በእኛ አስተያየት «ባለድርሻ» ሥር የሰደደ ቃል ስለ ሆነ በአጠቃላይ ጽሑፍ መንቀል አይቻልም። በመጠይቅና በቃለ መጠይቅ ግን ተርጓሚው ቃሉን ትቶ ብያኔውን ይተርጕም፤ «ይህ ሥራ የሚጠቅምዎ፣ የሚጐዳዎ ወይም እርስዎ የሚወስኑበት ነገር አለ?» ብሎ ቢጠይቅ አንድ ቃል በሦስት ይለወጥበታል፤ ገበሬው ግን ጥያቄው ለእርሱ የቀረበ መሆኑን ይረዳል።