በካርቡራተር ውስጥ ቤንዚኑን የሚገፋው ምንድን ነው?

በደጋ የሚሠራ አነስተኛ የመስኖ ፓምፕ ጥቁር ጭስ ሲያወጣና ቤንዚን ሲያባክን ብዙዎቻችን ሞተሩ ያረጀ ይመስለናል። ይሁን እንጂ አዲስ ሞተርም ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል። ምክንያቱን ለመረዳት የካርቡራተርን አሠራር እንመልከት።

ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር በካርቡራተሩ ቱቦ በኩል ይገባል። ቱቦው መሐል ላይ ስለሚጠብ በዚያ ስፍራ የአየሩ ፍጥነት ይጨምራል፤ ግፊቱ ግን ይቀንሳል። ይህን የፍጥነትና የግፊት ዝምድና ዳንኤል ቤርኑሊ በ1738 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቶታል። ከሥር በትንሽ ማጠራቀሚያ ያለው ቤንዚን በከባቢ አየር ሙሉ ግፊት ሥር ነው። ስለዚህ ቤንዚኑን በቀጭን ቀዳዳ አሳልፎ ወደ ቱቦው የሚገፋው ይኸው ከባቢ አየር ነው።

1 ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። የቀዳዳው ስፋት ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ለዝቅተኛ ስፍራ ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ግን የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። በእያንዳንዱ ምት የሚገባው አየር መጠነ ቁሱ ይቀንሳል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ጭሱና በካንዴላው ላይ የሚያርፈው ጥላሸት ኦክስጅን ካነሰው ከዚህ ትርፍ ቤንዚን የመነጩ ናቸው።

እንግዲህ የአየር ማጣሪያው ንጹሕ ከሆነ፣ መፍትሔው በአምራቹ መመሪያ መሠረት ቀዳዳውን ጠበብ ባለ መተካት ነው። ፓምፑ ወደ ቆላ ሲወርድ ግን የቀድሞውን መመለስ ያሻል፤ አለዚያ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ይግላል።